ዲስኩን የረሳው አሮጌ ኮምፒውተር

ጥያቄ፦ የመተማ ሽንፋ ነዋሪ የሆኑ አንባቢ፣ የቆየ ኮምፒውተራቸው ቀኑን እያዛባ ሃርድ ዲስኩን «አላገኘሁም» እንደሚል ገልጸው፣ ውስጡ ያሉት የአማርኛ ጽሑፎች ይተርፉ እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ የቀኑ መዛባት ትልቅ ፍንጭ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስታልቅ ማሽኑ ቀኑንም የዲስኩንም ቅንብር ይረሳል። ባትሪዋን ቀይሮ ቅንብሩን እንደገና መሙላት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ካልበቃ፣ የተጨመሩ ካርዶች ይነቀሉ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው አሚጋ 1200 ኮምፒውተር ማፍጠኛ ካርዱ ቢወጣም በራሱ የ14 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰር ይሠራል። ያኔ ዲስኩ ከተነበበ፣ ጥፋቱ የካርዱ ወይም ለካርዱም ለዲስኩም የሚበቃ ኃይል ያልሰጠው ፓወር ሰፕላይ ነው።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ደጋግሞ ማብራቱ ይቁም! የመተማ ቆላ ሙቀትና አቧራ ለደከመ ዲስክ ጠላት ነው። ማለዳ፣ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ በዩኤስቢ መቀየሪያ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ አስፈላጊው ፋይል አስቀድሞ ይገልበጥ። የዲስኩን ክዳን መፍታት ፈጽሞ አይገባም።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ ዝብርቅርቅ ምልክት ሆኖ ቢታይ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ጠያቂያችን የተጻፈበትን ፎንትም አብረው ይገልብጡ።