የደም ማነስና የመገጣጠሚያ ቅየራ፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ምን እንሥራ?

ለዚህ እትም የጤና ዓምዳችን የመረጥነው ርዕስ በዕድሜያችን ላለን ሰዎች ሩቅ ይመስላል። ነገር ግን ለእረፍት ወደ ቢቸናም ሆነ ወደ ሞጣ የምንገባ ተማሪዎች ከሱጁድ መነሳት አቅቷቸው ወንበር ላይ ሆነው የሚሰግዱ አባቶችን፣ ግድግዳ ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል የሚሄዱ እናቶችን በየቤታችን እናውቃለን። ከእነዚህ መካከል ሐኪም አይቶ "ዳሌው ይቀየር" ወይም "ጉልበቱ ይቀየር" ያላቸው አሉ። ያኔ ቤተሰብ የሚመክረው ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መኪናው፣ ማን አብሮ እንደሚሄድ ነው። የታማሚው የደም መጠን ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ጥያቄው የሚነሳው ለቀዶ ሕክምናው ከተኙ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ጊዜው አልፏል።

መገጣጠሚያ ሲቀየር የተጎዳው የአጥንት ጫፍ ተቆርጦ ይወጣና ከብረትና ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይገባል። አጥንት ደም የበዛበት አካል ስለሆነ ሲቆረጥ ይደማል። ጉልበት ላይ ደግሞ የሚታየው ደም ጥቂት ሆኖ ከተሰፋ በኋላ ውስጥ ለውስጥ የሚፈሰው ይበዛል። በዚህ ምክንያት ከዳሌ ወይም ከጉልበት ቅየራ በኋላ የታማሚው ሄሞግሎቢን በአማካይ በ3 ግራም ገደማ ይወርዳል። ሄሞግሎቢን በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሆኖ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር ነው፤ የሚለካውም በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ግራም እንዳለ በመቁጠር ነው። በ14 የገባ ሰው በ11 ይወጣል፣ ደከም ይበለው እንጂ ተነስቶ ልምምዱን ይጀምራል። በ11 የገባው ግን 8 ላይ ይደርሳል፤ ለእሱ ደም መፈለግ ይጀመራል፣ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፣ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፣ ሆስፒታል የሚቆይበትም ቀን ይረዝማል። በዓለም ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለዳሌና ለጉልበት ቅየራ ከሚቀርቡ ታማሚዎች ከአራቱ አንዱ ገደማ ከመግባታቸው በፊት የደም ማነስ አለባቸው።

"የደም ማነስ" የሚባለው ግን ከስንት በታች ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ወንድ ከ13፣ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ከ12 በታች ይላል። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና የሚዘጋጅ ሰው ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ስምምነት ወንድ ሴት ሳይል ግቡን 13 አድርጎታል፤ ሴቷም የምታጣው ደም ከወንዱ አያንስምና።

የእኛ አገር ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቁጥሮች የተቀመጡት በባሕር ወለል አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። ቢቸናና ሞጣ ያሉት ግን ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ያንን ለማካካስ ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት የቆየ ሠንጠረዥ በ2,500 ሜትር ላይ ለሚኖር ሰው ከተለካው ቁጥር ላይ 1.3 ተቀንሶ እንዲነበብ ያዝዛል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው መመሪያ ደግሞ በእኛ ከፍታ ላይ የሚቀነሰውን ከዚህም ከፍ አድርጎታል። አንድ የቢቸና አባት ተመርምረው 13.2 ተገኘ እንበል። ወረቀቱ ላይ ምንም ቀይ ምልክት አይኖርም፣ "ደህና ነው" ተብለው ይሸኛሉ። 1.3 ሲቀነስ ግን 11.9 ነው፤ ይህ የደም ማነስ ነው። ምርመራው የተደረገው ባሕር ዳር ቢሆንም ለውጥ የለውም፤ የሚታሰበው ሰውየው የሚኖሩበት ከፍታ ነው፣ መሣሪያው ግን ከየት እንደመጡ አያውቅም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምሮ ነበር። በሠንጠረዡ መሠረት የእነዚህ ሰዎች ሄሞግሎቢን በጣም ከፍ ማለት ነበረበት፤ በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች እንደዚያ ናቸውና። የሰሜን ሰዎች ግን ወንዶቹ በአማካይ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ሆነው ተገኙ፤ በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም የማይርቅ ቁጥር ነው። ደማቸው ውስጥ ያለው የኦክስጅን መጠንም ጥሩ ነበር። የኢትዮጵያ ደገኞች ከፍታውን የለመዱበት መንገድ ከሌሎች ደገኞች የተለየ መሆኑን ዓለም ያወቀው በዚህ ጥናት ነው። ታዲያ ሠንጠረዡን በእኛ ሰዎች ላይ እንዳለ ብንጭነው ጤነኛውን ሰው ሁሉ በሽተኛ ልናደርገው እንችላለን። ሙሉ በሙሉ ብንተወው ደግሞ የተደበቀውን እናልፋለን። እኛ ይሻላል የምንለው በ13 እና በ14 መካከል ያለን ቁጥር "ደህና" ብሎ ከማለፍም "በሽታ" ብሎ ከመፈረጅም በፊት የብረት ክምችቱን ማየት ነው። የክምችቱ መለኪያ ፈሪቲን ይባላል፤ ከ30 በታች ከሆነ ብረት አልቋል ማለት ነው፣ እንደ ሪህ ያለ የመገጣጠሚያ ቁጣ ያለበት ሰው ላይ ግን እስከ 100 ድረስ ቢሆንም እጥረት ሊኖር ይችላል። የፈሪቲን ምርመራ በማይገኝበት ቦታ በተለመደው የደም ቆጠራ ወረቀት ላይ የቀይ ሕዋሳቱ መጠን ተጽፎ ይገኛል፤ ሕዋሳቱ ካነሱ ብረት ማነሱን መጠርጠር ነው።

ብረቱ የሄደበትን መፈለግ ደግሞ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በቆላው ወገን የሚያርሱ ሰዎች ላይ ወባና ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ይታሰባሉ። ጉልበታቸውን በሚያማቸው ሽማግሌዎች ላይ ግን አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም ራሱ የሕመም ማስታገሻው ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ያለ ማዘዣ እየተገዙ ለዓመታት ይዋጣሉ። ሕመሙን ያስታግሳሉ፣ ጨጓራን ግን ቀስ በቀስ ይልጣሉ። ደሙ በትንሽ በትንሹ ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ ሰውየው አያየውም፤ ድካሙንም ከዕድሜ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ልጆች ሆነን የምንጠይቀው "ምን ትወስዳለህ አባዬ? ከመቼ ጀምሮ?" የሚለውን ነው። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቁሮና ተጣብቆ የሚወጣ ከሆነ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። (የብረት ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ ስለዚህ ክኒኑን ከመጀመራቸው በፊት ይጠየቁ።) በዕድሜ የገፋ ወንድ ወይም የወር አበባ ያቆመች ሴት ላይ የብረት እጥረት ሲገኝ ክኒን ሰጥቶ ብቻ መሸኘት አይበቃም፤ ከሆድ የሚደማ ነገር መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት።

አሁን ወደ ቀጠሮው እንመለስ። ሞጣ ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢቸና ከአዲስ አበባ 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። የመገጣጠሚያ ቅየራ የሚያስፈልገው ሰው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይላካል፣ እዚያም ወረፋ ይይዛል። ይህን ወረፋ ሁላችንም እናማርራለን። ለደም ማነስ ግን መድኃኒቱ ያለው እዚያው ወረፋ ውስጥ ነው። በአፍ የሚወሰድ የብረት ክኒን ሥራውን ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአግባቡ ከተወሰደ በአንድ ወር ውስጥ ሄሞግሎቢኑን ከ1 እስከ 2 ግራም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ሦስት ቀን ሲቀረው የተጀመረ ክኒን ግን ሆድ ከማድረቅ ያለፈ ጥቅም የለውም። ለቸኮለ ወይም ክኒኑ ለማይስማማው በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፤ ዋጋው ከበድ ይላል፣ በየቦታውም አይገኝም። ደም ቆጠራውንና ክኒኑን ለማግኘት ግን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መድረስ አያስፈልግም፤ እዚያው በቅርብ ባለው ሆስፒታል ይሆናል።

ክኒኑን የሚያበላሸው ቡናና ሻይ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተብሎ እስኪያልቅ ከተጠጣ በኋላ ወዲያው የተዋጠ ብረት አብዛኛው ሳይመጠጥ ይወጣል። በቡናና በክኒኑ መካከል ቢያንስ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ይሁን፤ በብርቱካን ወይም በሎሚ ውኃ ቢወሰድ ይመረጣል። ሆድ የሚያውክ ከሆነ አንድ ቀን እየተዘለለ እንዲወሰድ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል፤ ሰውነት በዚህ መልክ የተሰጠውን ብረት የተሻለ እንደሚመጥ ታይቷል። ጤፍ ብረት አለው፣ እውነት ነው፤ የወደቀን የብረት ክምችት በእንጀራ ብቻ በሁለት ወር መመለስ ግን አይሞከርም።

ሂጃማን በተመለከተ ብዙ ስለምንጠየቅ እዚሁ እንመልስ። ሂጃማ ደም ያወጣል። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅና ደሙ ያነሰ ሰው ዋግምት ሊደረግለት አይገባም። ሱናውን ወዶ ለሚጠይቅ አባት ይህን በአክብሮት ማስረዳት የእኛ ፈንታ ነው። ረመዳን ከገባም ታማሚ ፆምን በተመለከተ ያለውን ሩኽሳ ከዓሊምና ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት። ሐኪሙ እንዲፆም ከፈቀደለት ክኒኑን በሌሊት መውሰድ ይችላል፤ ከኢፍጣር ቡና ግን ይራቅ።

አንድ ነገር ለይተን እንናገር። እስካሁን ያልነው ሁሉ ቀጠሮ ተይዞለት ለሚጠበቅ ቀዶ ሕክምና ነው። ወድቀው የጭን አጥንታቸው አንገት የተሰበረባቸው አዛውንት ግን "መጀመሪያ ደማቸው ይሙላ" ተብሎ ሳምንታት አይቆዩም፤ ወጌሻ ቤትም አይሰነብቱም። ስብራቱ ራሱ ያደማል፣ አልጋ ላይ መቆየቱ ደግሞ ለሳንባ ምችና ለደም መርጋት ያጋልጣል። እነሱ ቶሎ ይላካሉ፣ የደሙ ጉዳይም ጎን ለጎን ይታያል።

ደም መስጠት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አብዛኞቹ የዘመኑ ዑለሞች ለሕክምና ደም መለገስም መቀበልም እንደሚፈቀድ ገልጸዋል፤ በዚህ ላይ ቅር የሚለው ቤተሰብ ካለ ይህን እንንገረው። ነገር ግን ደም "ለብርታት" የሚሰጥ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ሰፊ ጥናት ዳሌያቸው ተሰብሮ የታከሙና የልብ ሕመም ያለባቸው ወይም የሚያሰጋቸው 2,016 ታማሚዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር፤ ለአንዱ ወገን ከ10 በታች ሲወርድ፣ ለሌላው ከ8 በታች ሲወርድ ወይም የማነስ ምልክት ሲታይ ብቻ ደም ተሰጠ። ከ60 ቀን በኋላ በሞትም ሆነ ያለ ሰው ድጋፍ በመራመድ ልዩነት አልታየም። አንድ ከረጢት ደም ሄሞግሎቢንን የሚያሳድገው በ1 ግራም ገደማ ነው፤ አንድ ወር በሥነ ሥርዓት የተዋጠ ክኒን የሚያመጣው ያንኑ ወይም የሚበልጥ ነው። ሐኪሙ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለውን ደም የሚቀንስ መድኃኒት ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ርካሽ ነው፣ መድማቱንም በግልጽ ይቀንሳል።

ለሚያስፈልገው ሰው ግን ደሙ ከሰው መምጣት አለበት። ከሞጣ ሁለት ዘመድ ብቻ አስከትሎ የመጣ ሽማግሌ ለጋሽ የሚያገኘው ከማያውቀው ሰው ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። የተለገሰ ደም በማቀዝቀዣ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ስለሆነ በአንድ ቀን ዘመቻ ተሰብስቦ ለዓመት አይቀመጥም። ስለዚህ ጀመዓችን ሁሉም በአንድ ቀን ከሚለግስ በየወሩ ተራ ቢገባ ይመረጣል። በረመዳን ለጋሽ ስለሚቀንስ ከኢፍጣር በኋላ መለገስ የምትችሉ ስማችሁን ለጤና ክፍሉ አስመዝግቡ። ሴት እህቶች ከመለገሳችሁ በፊት የሚለካውን የራሳችሁን ሄሞግሎቢን ጠይቃችሁ ያዙት፤ ለእረፍት ወደ ቤት ስትሄዱም ያው ምርመራ ለእናታችሁ ይደረግላቸው።