ቂብላችን በኤክሴል ቻርት ላይ



በኢትዮጵያ ቂብላ ወደ ሰሜን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በጥቅሉ እውነት ነው። ነገር ግን ጅማ ላይ የሚሰግድ ሰው ከሰሜን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ሐረር ላይ የሚሰግድ ደግሞ ትንሽ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን በኤክሴል ቻርት በዓይናችን ማየት እንችላለን። በዚያውም ላብ ሪፖርት ላይ ብዙዎቻችንን የሚያስቸግረንን የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ ነጥቦች አቀማመጥ እንማራለን።

1. ካዕባን መነሻ ነጥብ (0፣ 0) እናድርጋት። ኬንትሮሷ 39.83 ዲግሪ ምሥራቅ፣ ኬክሮሷ 21.42 ዲግሪ ሰሜን ነው። ከየከተማው ኬንትሮስ 39.83 ስንቀንስ ኤክስን፣ ከኬክሮሱ 21.42 ስንቀንስ ዋይን እናገኛለን።

አዲስ አበባ (38.74፣ 9.03)፦ ኤክስ -1.09፣ ዋይ -12.39
ጅማ (36.83፣ 7.67)፦ ኤክስ -3.00፣ ዋይ -13.75
ሐረር (42.12፣ 9.31)፦ ኤክስ 2.29፣ ዋይ -12.11

ዋይ ኔጋቲቭ ሲሆን ከተማው ከካዕባ በስተ ደቡብ ነው። ኤክስ ኔጋቲቭ ከሆነ በስተ ምዕራብ፣ ፖዘቲቭ ከሆነ በስተ ምሥራቅ ነው።

2. የካዕባን 0 እና 0 ጨምረን ሁለቱን የቁጥር ኮለሞች እንምረጥ፤ ከኢንሰርት ውስጥ ስካተርን እንጫን። ላይን ቻርት አይሆንም፤ ኤክስን እንደ ስም ቆጥሮ ነጥቦቹን በእኩል ርቀት ይደረድራቸዋል።

3. ሁለቱንም አክሲሶች ከ-15 እስከ 15 እናድርግና ቻርቱን አራት ማዕዘኑ እኩል እስኪሆን እናስተካክል። አለበለዚያ ማዕዘኑ ይዛባል።

4. የአክሲሱ ቁጥሮች መሀል ላይ ገብተው ነጥቦቹን ከሸፈኑ፣ የሌብሉን ቦታ ሎው እናድርገው።

ነጥቦቹ 1፣ 2፣ 3 ላይ ከተደረደሩ ከኤክስ ቁጥሮች አንዱ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሯል ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ከሌላ ቦታ ኮፒ የተደረገ ረጅም ሰረዝ ነው። በኪቦርዱ የመቀነስ ምልክት እንደገና እንጻፈው።

አሁን ከየከተማው ወደ ካዕባ መስመር እናስምር። አዲስ አበባ ከሰሜን 5 ዲግሪ ገደማ ወደ ቀኝ፣ ጅማ 12 ገደማ ወደ ቀኝ፣ ሐረር 11 ገደማ ወደ ግራ ያሳያሉ። የጅማን ኤክስ ያለ ኔጋቲቭ ብንጽፈው ነጥቧ ወደ ሐረር በኩል ትዘላለች፤ መስመሩም ከትክክለኛው 24 ዲግሪ ያህል ይርቃል። አንዲት ሰረዝ ሰጋጁን ወደ ሌላ አቅጣጫ ታዞረዋለች።

ምድር ክብ ስለሆነች ይህ ዘዴ ግምታዊ ነው። ለእነዚህ ከተሞች ከትክክለኛው ስሌት ያለው ልዩነት ከአንድ ዲግሪ ያነሰ ነው። ለሩቅ አገር ግን አይሠራም፤ ለኒውዮርክ ቻርቱ ደቡብ ምሥራቅን ያሳያል፣ የክብ ምድር ስሌት ግን ሰሜን ምሥራቅን ይሰጣል።

አል-ቢሩኒ በ11ኛው ክፍለ ዘመን የጋዝናን ከተማ ቂብላ በትክክል ለማወቅ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሲለካ ደክሟል። እኛ ኮምፒውተር በእጃችን ይዘን የዶርማችንን ቂብላ በግምት መተው አይገባንም። የትውልድ ከተማችሁን ቁጥር አስገብታችሁ ሞክሩት፤ የፊቅሁን ዝርዝር ዑስታዞቻችንን እንጠይቅ።

ወላሁ አዕለም።