በሚፈስሰው ዓለም መሃል የማይነቃነቅ ነጥብ

ዐይን ምን ይሠራል ብንባል ብዙዎቻችን «ያሳያል» ብለን እንመልሳለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን መልሱ ጎደሎ ነው። ዐይን በዙሪያችን ያለውን ከማሳየቱ ሌላ ወዴት እያመራን እንደሆነና መቼ እንደምንደርስም ይነግረናል። ይህን የሚያውቀው ስንንቀሳቀስ በፊታችን ከሚሆነው ለውጥ ነው። ነገሩን በሦስት ደረጃ እንየው፤ ለምሳሌም የአዲስ አበባዋ ልደታ ትበቃናለች።

አንደኛ፦ አቅጣጫ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት ዘመን መናኸሪያው የልደታ ሜዳ ነበር። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራው ኋላ፣ የልደታ ማኮብኮቢያ ለጄት አውሮፕላን አጭር ስለሆነ ነው። ሲ-47 አውሮፕላን ይዞ ወደዚያ ሜዳ የሚወርድ አብራሪ ምን ያያል? በግራው ያለው ወደ ግራ፣ በቀኙ ያለው ወደ ቀኝ፣ ከሥሩ ያለው ወደ ታች ይሸሻል። በዚህ ሁሉ ሽሽት መሃል ግን ከቦታው የማይነቃነቅ አንድ ነጥብ አለ። አውሮፕላኑ የሚያመራው ወደዚያ ነው። የማኮብኮቢያው ጫፍ በመስተዋቱ ላይ ወደ ላይ እየወጣ ከሄደ አብራሪው ሳይደርስ መሬት ይነካል፤ ወደ ታች ከሸሸ ደግሞ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ ሊያርፍበት የመረጠው ቦታ ጸንቶ እስኪታየው ድረስ መሪውን ያስተካክላል። እይታው እጁን ያዛል፤ የእጁ ሥራ ደግሞ መልሶ እይታውን ይለውጣል።

ይህን በሥርዓት ያስተማረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ጊብሰን ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለአገሩ አየር ኃይል አብራሪዎችን በተንቀሳቃሽ ፊልም የመፈተኑን ሥራ መርቷል። በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍም እይታ በተንቀሳቃሽ ሰው ላይ መጠናት እንዳለበት አስረዳ።

ሁለተኛ፦ ፍጥነት። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል። ይህ በዐይናችን ፊት የሚሸሸው ፍሰት አቅጣጫን በደንብ ይናገራል፤ ፍጥነትን ግን ብቻውን አይናገርም፤ የዐይናችን ከፍታ ይገባበታልና። ልደታ ላይ በድልድይ የሚያልፈው ባቡርና ከሥሩ ያለው ሚኒባስ እኩል ቢሮጡ እንኳ አስፋልቱ ለሚኒባሱ ተሳፋሪ ፈጥኖ፣ ለባቡሩ ተሳፋሪ ቀስ ብሎ ይሸሻል። የልደታ አብራሪም ሌላ ፈተና ነበረበት። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ የፍጥነት መለኪያው እንደ ቆላ ማረፊያ ያንኑ ቁጥር እያሳየ መሬቱ ግን ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይሸሻል። ዐይኑን ብቻ አምኖ ፍጥነት ቢቀንስ ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም ያቅተዋል። ለዚህ ነው አቅጣጫን በዐይን፣ ፍጥነትን በመለኪያ ማለት የተገባው።

ሦስተኛ፦ ጊዜ። አሁን ከአብራሪው ወንበር ወርደን በልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ መንገድ ልንሻገር እንቁም። ሕጉ ያው ነው፤ የተገለበጠው ቦታችን ነው። እኛ እየተራመድን ወደ ጎን የሚንሸራተት መኪና ወይ ከፊታችን ወይ ከኋላችን ያልፋል። ወደ ጎን ሳይል በያዘው አቅጣጫ እያደገ የሚመጣው ግን ከእኛው ጋር ይገናኛል።

መቼ ይደርሳል? አንድ መኪና በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ይመጣል እንበል፤ በሰከንድ 10 ሜትር ማለት ነው። ከ60 ሜትር ወደ 30 ሲቀርብ በዐይናችን እጥፍ ያድጋል፤ ይህም 3 ሰከንድ ይወስዳል። የቀረውም 3 ሰከንድ ነው። ፍጥነቱ ካልተለወጠ እጥፍ ለማደግ የፈጀበት ጊዜና ለመድረስ የቀረው ጊዜ ሁልጊዜ እኩል ናቸው። ስለዚህ ርቀቱንም ፍጥነቱንም ሳናውቅ የቀረንን ጊዜ ከዕድገቱ ልናነብ እንችላለን። ዴቪድ ሊ የተባለ ተመራማሪ በ1976 እ.ኤ.አ. ስለ ፍሬን አያያዝ ሲጽፍ ያብራራው ይህንኑ ነው።

አሁን ፍጥነቱን እጥፍ አድርጉት፦ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር። ሊደርስ 6 ሰከንድ ሲቀረው የመጀመሪያው መኪና 60 ሜትር ላይ ነበር፤ ይህኛው ግን 120 ሜትር ላይ ነው። ከሩቅ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ፣ የቀረው ጊዜ ያው 6 ሰከንድ ሆኖ ሳለ፣ ዕድገቱ ለዐይን የሚታየው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። የሚበልጠው አደጋ የሚያንሰውን ምልክት ይሰጣል ማለት ነው። ልጆች ላይ ደግሞ ይብሳል፤ በእንግሊዝ የሮያል ሆሎዌይ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ፈጥኖ የሚመጣ መኪና ዕድገት ለአዋቂ እየታየ ለሕፃናት ላይታይ ይችላል።

እንግዲህ ልጅን «ግራ ቀኝህን አይተህ ተሻገር» ማለት ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ አይቶም ላይለየው ይችላልና እጁን ይዞ ማሻገር ይገባል። ሾፌርም ይህን ይወቅ፦ ፍጥነት ሲጨምር የሚያሳጥረው ራሱ ፍሬን ለመያዝ ያለውን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ እግረኛው እርሱን የሚያውቅበትን ምልክትም ያደበዝዛል።