ስለ ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ

ራዲዮአክቲቭ አይሶቶፕ ማለት ከራሱ ጨረር የሚያፈልቅ የንጥረ ነገር ዓይነት ነው። ከነዚህም አንዱ ኮባልት 60 ነው፤ ጨረሩ በታሸገ የሕክምና መርፌና በደረቅ ቅመም ውስጥ አልፎ ረቂቅ ተሐዋስያንን ይገድላል። ዕቃው ግን ራሱ ጨረር አፍላቂ ስለማይሆን አስመጪው ሊሠጋ አይገባውም።

የሚያሠጋው የጨረሩ ምንጭ ከመያዣው ሲወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በብራዚል አገር በጎያኒያ ከተማ፣ ከተዘጋ የሕክምና ቤት የተወሰደ አሮጌ መሣሪያ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ተሸጠ። በውስጡ የነበረው የሲዚየም 137 ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ብርሃን ስለሰጠ፣ ነጋዴው ተደንቆ ለወዳጅ ዘመዶቹ አካፈለው። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አንዲቱ የገዛ ሚስቱ ነበረች።

እንግዲህ አሮጌ ብረት የምትገዙ ሁሉ፣ ሚዛን ላይ ከማውጣታችሁ በፊት መርምሩ። ባለ ሦስት ክንፍ የጨረር ምልክት ያለበትን ዕቃ፣ ዋጋው ቢረክስም አትግዙት፤ አትክፈቱትም። ርቃችሁ ለመንግሥት አስታውቁ።