የመንጋ ወፍና የሁለት ሞተሮች ዋስትና፦ ከባሕር ዳሩ በረራ 604 የሚወሰድ ትምህርት

መግቢያ

ባለሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን የሚነደፈው፣ አብራሪውም የሚሠለጥነው፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋ በሌላው ብቻ በረራውን መቀጠል እንዲቻል ነው። ይህ ዋስትና የቆመው ሁለቱ ሞተሮች በአንድ ምክንያት በአንድ ጊዜ አይበላሹም በሚል ግምት ላይ ነው። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. በባሕር ዳር የደረሰው አደጋ ግምቱ ሊፈርስ እንደሚችል በግልጽ ያሳየ ነው። ጽሑፉ የተለመደውን ሥርዓት ካስቀደመ በኋላ፣ ሥርዓቱ ከመንጋ ወፍ ጋር ሲጋጠም ምን እንደሚሆን ይመረምራል።

የአንድ ሞተር ሥርዓት

አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት ለዕለቱ ክብደትና ሙቀት የሚስማሙ ፍጥነቶችን ያሰላሉ። ከእነዚህ ዋናው «ቪ 1» የተባለው የውሳኔ ፍጥነት ነው። ሞተር ከዚህ ፍጥነት በፊት ቢጠፋ አውሮፕላኑ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ቢጠፋ ግን የቀረው መንደርደሪያ ለመቆም ስለማይበቃ መነሣት ግድ ይሆናል።

በአየር ላይ የመጀመሪያው ተግባር አውሮፕላኑን ማብረር ነው። አፍንጫው ወደ ጠፋው ሞተር አቅጣጫ ስለሚዞር፣ አብራሪው በሩደር ተቃራኒውን ረግጦ አቅጣጫውን ይይዛል፤ «ቪ 2» የተባለውን የመውጫ ፍጥነት ይጠብቃል፤ ከፍታ መጨመሩ ሲረጋገጥ ጎማው ይታጠፋል። ሞተሩን የማጥፋት እርምጃ የሚወሰደው በቂ ከፍታ ከተገኘና የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ሁለቱም አብራሪዎች ካረጋገጡ በኋላ ነው። ጥንቃቄው ትርፍ አይደለም። በዚያው በ1981 ዓ.ም. ታኅሣሥ 30 ቀን በእንግሊዝ አገር ኬግወርዝ አጠገብ የወደቀው ቦይንግ 737 አብራሪዎች ያጠፉት ደኅናውን ሞተር ነበር፤ ከ126 ሰዎች 47ቱ ሞቱ።

ባለሁለት ሞተር አውሮፕላን ጎማው ታጥፎ በአንድ ሞተር ሲወጣ፣ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አግድም ርቀት ቢያንስ 2.4 ሜትር ከፍታ እንዲጨምር ደንቡ ያስገድዳል። ይህ ጠባብ ትርፍ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመደበኛ አየር ስሌት በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ 16 በመቶ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት በመሬት ላይ የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል።

በባሕር ዳር የሆነው

በረራ 604 ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በባሕር ዳር በኩል ወደ አሥመራ የሚጓዝ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-200 ሲሆን፣ 104 ሰዎችን አሳፍሮ ነበር። ከባሕር ዳር ሲነሣ ከዱር ርግቦች መንጋ ጋር ተጋጨ፤ ርግቦቹም ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገቡ። አንዱ ሞተር ወዲያው ግፊቱን አጣ። አብራሪዎቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለመመለስ ሲጥሩ ሁለተኛውም ከዳቸው። አውሮፕላኑ ጎማው ሳይዘረጋ በሆዱ አረፈ፤ 35 ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ 69ኙ ተረፉ።

ለትንተና ወሳኙ ነጥብ የሁለቱ ብልሽቶች ግንኙነት ነው። ሁለተኛው ሞተር የጠፋው በሌላ አጋጣሚ ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን ባጠፋው በዚያው መንጋ ነው። የአንድ ሞተር ሥርዓት ደኅና የሚለው ሞተር በእውነቱ የቆሰለ ነበር። ስለዚህ ከወፍ መንጋ ጋር ከተጋጨ አውሮፕላን የሚሰጠው ውሳኔ፣ የሚሠራው ሞተር እስከ መጨረሻ ይሠራል በሚል እምነት ላይ ሊመሠረት አይገባም።

የጊዜ ጉዳይ

ተመሳሳይ ችግር ጥር 7 ቀን 2001 ዓ.ም. በኒውዮርክ ታየ። ኤርባስ 320 የሆነው የዩኤስ ኤርዌይስ በረራ 1549 በዝይዎች መንጋ ሁለቱንም ሞተሮች አጥቶ፣ ከሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ በኋላ በሀድሰን ወንዝ ላይ አረፈ፤ 155ቱም ሰዎች ተረፉ። አብራሪዎቹ የያዙት የሁለት ሞተር ብልሽት ቼክሊስት በከፍተኛ ከፍታ ላይ ለሚደርስ ችግር የተዘጋጀ ስለነበር ሊጨርሱት አልቻሉም። በኋላ በተደረጉ የማስመሰያ በረራዎች ወዲያው ወደ ማረፊያው መዞር በአንዳንዶቹ ተሳክቷል፤ ለሰው ልጅ የማሰቢያ ጊዜ 35 ሰከንድ ሲታከል ግን አውሮፕላኑ አልደረሰም። ረጅም ዝርዝር ረጅም ጊዜን ይጠይቃል፤ በዝቅተኛ ከፍታ ያ ጊዜ የለም።

ማጠቃለያ

ከሁለቱ አደጋዎች ሦስት ነገሮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ ሥልጠናው የአንዱን ሞተር ብልሽት ብቻ ሳይሆን፣ ሁለቱም ቆስለው ግፊታቸው ቀስ በቀስ የሚከዳበትን ሁኔታ ሊያካትት ይገባል። ሁለተኛ፣ ለዝቅተኛ ከፍታ የሚሆነው ቼክሊስት አጭር ሆኖ፣ ሕይወት የሚያድኑት እርምጃዎች ከላይ ሊሰፍሩ ይገባል። ሦስተኛ፣ መንጋው ሞተር ውስጥ ከገባ በኋላ አብራሪው ሊያደርግ የሚችለው ጥቂት ስለሆነ፣ ዋናው መከላከያ በምድር ላይ ነው።

የዱር ርግብ ከጣና ዳር እስከ ጫጫና ደብረ ብርሃን ድረስ ደገኛው ገበሬ ከማሳውና ከአውድማው የሚያባርረው ወፍ ነው። እህል ባለበት ይሰበሰባል፤ በጣሪያና በገደል ስንጥቅ ይሰፍራል። ስለዚህ በማረፊያዎች አካባቢ የሚዘራው ሰብል፣ የሣሩ ቁመት፣ የቆሻሻ መጣያውና የቄራው ሥፍራ የግብርናና የከተማ ፕላን ጉዳዮች ብቻ አይደሉም። የወፍ እንቅስቃሴን በየወቅቱ መመዝገብና የበረራ ሰዓትን ከእርሱ ጋር ማገናዘብ በአገር ውስጥ ተመራማሪዎች አቅም የሚሠራ ጥናት ነው። የሥነ ሕይወት፣ የግብርናና የአቪዬሽን ባለሙያዎች በጋራ ቢይዙት፣ የሁለት ሞተሮች ዋስትና የሚጠናከረው አውሮፕላኑ ገና ከመንደርደሩ በፊት ይሆናል።