የጓሮ ሽንኩርትንና የጅብ ሽንኩርትን በለጋነታቸው ስለ መለየት

በቢቸናና በሞጣ አካባቢ በየጓሮው የሐበሻ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ይለማሉ። በአጥር ሥርና በደጅ በጣሳ ደግሞ ራሳቸው ሽንኩርት የሚመስል አበባዎች ይበቅላሉ። ሕዝቡ ብዙዎቹን የጅብ ሽንኩርት በሚል አንድ ስም ይጠራቸዋል፤ በዕፅዋት ጥናት ግን ክራይነም፣ ስካዶክሰስና ድሪሚያ የሚባሉ የተለያዩ ወገኖች ናቸው። ሲያብቡ ማንም አይስታቸውም። የሚያሳስቱት ገና ሁለት ሦስት ቅጠል ሲያወጡ ሲሆን፣ መርዛም በመሆናቸው ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

የሐበሻ ሽንኩርት ቅጠል እንደ ቧንቧ ውስጡ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ይለያል። የሚያስቸግረው ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ቅጠሉ ጠፍጣፋ ነውና። ሆኖም መካከሉ እጥፋት አለው፣ በግራና በቀኝም እየተፈራረቀ ይወጣል። የጅብ ሽንኩርት ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ ሰፋና ወፈር ያለ ነው።

መልክ ብቻውን ግን አይበቃም። እኛም ሥራ በጀመርንበት ጊዜ አንዱን ለጋ ተክል ነጭ ሽንኩርት ነው ብለን ስንናገር፣ የጓሮው ባለቤት እናት ቅጠሉን ቀንጥሰው አሸተቱና «ይህስ ሽታ የለውም» ብለው አርመውናል። ትክክለኛው መንገድ የእርሳቸው ነው። ቅጠሉ ሲታሽ የሽንኩርት ሽታ ከሌለው ለምግብ አይሁን። አስቀድሞ ሽንኩርት የነካ እጅ ስለሚያሳስት፣ በየመካከሉ እጅን በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። መቀቀልም መርዙን ያጠፋል ተብሎ ሊታመን አይገባም።

አበባዎቹን መንቀል ግዴታ አይደለም፤ ከሽንኩርት መደብ ርቀው፣ ሕፃናትና ከብት በማይደርሱበት ቦታ ይተከሉ። ፈሳሻቸው ቆዳ ሊያሳክክ ስለሚችል ሲነኩ ጓንት ማድረግ ይበጃል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የአበባ ራስን ከዘር ሽንኩርት ጋር በአንድ መጋዘን ፈጽሞ ማስቀመጥ የለባቸውም።

የቢቸና ዋልካ አፈር ውኃ ስለሚይዝ ነጭ ሽንኩርት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከል። በመስመር መካከል 30፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ የፍሬው ሹል ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ለጋውን በእጅ ማረም ይሻላል፤ አራሚው የሚነቅለውንም በዚያው ያሽትት።

በስሕተት የበላ ሰው ቢኖር፣ ሳያስታውኩት ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ጣቢያ ይወሰድ። የተረፈው ተክልም ከነራሱና ከነቅጠሉ አብሮ ይሂድ።