ለአሮጌ መኪና አዲስ የቤንዚን ታንክ፤ አስመጪና ባለሱቅ ሊያውቁት የሚገባ

በሐረር ከተማ ከጀጎል ግንብ በር እስከ ፈረስ መጋላ ሰውና ዕቃ በማመላለስ ስም ያተረፈችው መኪና ፔጆ 404 ናት። ይህች መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ለገበያ ቀረበች፤ በፈረንሳይ አገር መሠራቷም በ1975 ቆመ። ባጃጅ በበዛበት በዛሬው ጊዜ በሐረር የቀሩት 404ዎች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉ ናቸው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌውን በመለዋወጫ ማኖር ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከእነዚህም መለዋወጫዎች አንዱ የቤንዚን ታንክ ነው።

ታንክ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ከውስጥ ነው። ሳይሞላ ባደረ ታንክ ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት በሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል፤ ውሃም ከቤንዚን ስለሚከብድ ወደ ታች ወርዶ ላሜራውን ያዝገዋል። ዝገቱ ተጠርጎ ማጣሪያውንና ካርቡሬተሩን ይዘጋል። ባለመኪናው በዋጋ ርካሽነት ተስቦ ብየዳን ይመርጥ ይሆናል፤ ነገር ግን የቤንዚን ተን ከአየር ጋር ከመቶ 1.4 እስከ 7.6 እጅ ያህል ሲቀላቀል በአንዲት ብልጭታ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ባዶ የሚመስለው ታንክ ለበያጁ ከሙሉው ይልቅ ያሰጋል።

ከዋናው ፋብሪካ ውጭ የተሠራ አዲስ ታንክ መልካም መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ሆኖም «ለፔጆ 404 ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ለነጋዴ ዋስትና አይሆንም። ከማዘዝ በፊት የሚከተሉት ይመረመራሉ።

1ኛ፤ የመኪናው ዓይነት። 404 በቤት መኪናነት፣ በቤተሰብ መኪናነትና በፒክአፕነት ስለ ተሠራች የአንዱ ታንክ ለሌላው ይገባል ብሎ ማሰብ አይገባም።

2ኛ፤ የነዳጅ መለኪያው ቀዳዳ። ስፋቱና የቡሎኖቹ አቀማመጥ ከአሮጌው ጋር መግጠም አለባቸው። አዲስ ተንሳፋፊ አብሮ ከመጣም የኤሌክትሪክ ልኩ ከመኪናው መለኪያ ጋር ካልተስማማ ሾፌሩ ቤንዚን አለ ሲል በመንገድ ይቀራል።

3ኛ፤ የመሙያው አንገትና የመተንፈሻው ቱቦ። ታንኩ አየር ካልሳበ ቤንዚን ወደ ሞተሩ መውረዱን ያቋርጣል፤ መኪናውም ከድሬዳዋ ወደ ሐረር በሚወስደው ዳገት ላይ ሊቆም ይችላል።

4ኛ፤ የላሜራው ውፍረት፣ የውስጡ ቅብና ማሰሪያው። 50 ሊትር ቤንዚን 37 ኪሎ ያህል ይመዝናልና ቀጭን ላሜራ ወይም ልኩን ያልጠበቀ ማሰሪያ ኮብልስቶን በተነጠፈበት መንገድ አይጸናም።

አስመጪው የማጓጓዣውንም ሒሳብ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። በመርከብ ለሚመጣ ጥቅል ዕቃ ዋጋው እንደ ልማዱ በቶን ወይም በሜትር ኩብ፣ ከሁለቱ በሚበልጠው ይተመናል። ርዝመቱ 80፣ ስፋቱ 50፣ ከፍታው 25 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን ከሜትር ኩብ አንድ አሥረኛውን ይይዛል። ታንክ ቀላል ቢሆንም ቦታ ይፈጃልና ያለ ልኩ የመጣ ዕቃ ኪሳራው ድርብ ነው፤ መጋዘን ያጣብባል፣ ወደ መጣበት ለመመለስም እንደገና ኪራይ ይጠይቃል።

ባለሱቁም የራሱ ድርሻ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ስለሆነም ገዢው አሮጌውን ታንክ ይዞ እንዲመጣ መጠየቅ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ መለካት፣ የመኪናውንም ዓይነትና የታንኩን ልክ በደረሰኙ ላይ መጻፍ ጠቃሚ ልማድ ነው። አዲሱም ታንክ ቤንዚን ሳይነካው በፊት በዝቅተኛ የአየር ግፊትና በሳሙና ውሃ ቢፈተሽ የሚያፈስ ስፌት በአረፋው ይታወቃል።

በገበያ ላይ አንዱን ታንክ ከሌላው የሚያስመርጠው የዋጋ ልዩነት ጥቂት ብር ሊሆን ይችላል። የሚያፈስ ታንክ ግን የሚሸከመው ተሳፋሪን ነው፤ ነጋዴውም ልኩን ጠይቆ ሲሸጥ ደንበኛውንም ስሙንም ይጠብቃል።